ከፓምፑ በፊት ገበሬው
በሐረር ዙሪያ በመስኖ ገንዘባቸውን ሊያውሉ ለሚያስቡ የውጭ አገር ነዋሪዎች

ከሐረር ግንብ፣ ከጁገል፣ በኤረር በር፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ በሚሉት፣ ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ታመራላችሁ። ወንዝ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ማንጎና ፓፓያ የሚያበቅል አፈር አለ፤ ቅርጫት ተሸክመው ወደ ከተማው ገበያ የሚወጡ ሴቶችም አሉ። ከቶሮንቶ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ሰው ይህን አይቶ ልቡ ይነሳል። ወዲያው የሚያስበው ፓምፕ መግዛት፣ የጠብታ መስኖ ቱቦ በኮንቴይነር መላክ፣ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ከምታወጡት ገንዘብ የመጀመሪያው ውኃውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሰው ለማሰልጠን ይዋል። ይህን የምለው በዚሁ አካባቢ ሐረማያ ስለደረቀ ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ከሐረር በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ለአሥርተ ዓመታት ሐረር የጠጣችው ከእርሱ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን በሞተር እየሳበ ያጠጣል፤ ከተማው ከዚያው ይቀዳል፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ሐይቁን ይሞላዋል፤ ጥልቀት ያጣውን ውኃ ደግሞ ፀሐይ ታተነዋለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ነጥፎ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ጀሪካንና ሮቶ ደርድራ የቧንቧ ተራ ጠባቂ ሆነች። ዛሬ ከተማዋ ከምታገኘው ውኃ ብዙው ከድሬዳዋ ቆላ ተስቦ ዳገቱን ሽቅብ እየተገፋ የሚመጣ ነው። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውኃ ይዞ መታየቱ ያስደስታል፤ ነገር ግን ያደረቀው የአጠጣጥ ልማድ አብሮ ካልተለወጠ ደስታው አጭር ይሆናል።

ገበሬውን አልወቅስም። እያንዳንዱ የራሱን ማሳ ብቻ ነው ያጠጣው። ስንት እንደሚበቃው የነገረውም፣ አብሮት የለካም አልነበረም።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማፍሰስ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10,000 ሊትር ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር ቢያጠጣ 200,000 ሊትር ያወጣል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 10,000 ጀሪካን ነው። ፓምፑ በሴኮንድ 5 ሊትር የሚገፋ ከሆነ ሥራው 11 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አሁን ቦዩ ረጅምና ያልተስተካከለ ነው እንበል። የቦዩ ራስ እስኪጠግብና ከሥር በታች እስኪሰርግ ድረስ ጭራው አይደርሰውም፤ በዚህ መሐል የውኃው ግማሽ ባክኖ ሊቀር ይችላል። አምስት ሰዓት ተኩል የተቃጠለ ነዳጅና 5,000 ጀሪካን ከጎረቤቱ ጉድጓድ ሥር የተሳበ ውኃ ማለት ነው። የተሻለ ፓምፕ ብትልኩለት ይህንኑ ብክነት በፍጥነት ያካሂደዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስለዚህ ስልጠና ስል በከተማ አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ፣ ወረቀት ይዞ መመለስን አይደለም። በገበሬው ማሳ ላይ፣ ከጥቅምት እስከ በልግ ዝናብ መግቢያ፣ በየሳምንቱ የሚደረግ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቁራጭ መሬቶች ይመረጣሉ። አንዱ እንደ ወትሮው ይጠጣል፤ ሌላው በልክ። የ20 ሊትር ባልዲ ፓምፑ አፍ ላይ ተይዞ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ይቆጠራል፤ በአራት ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 5 ሊትር ነው። ከማጠጣት በፊት ከአንድ ስንዝር በላይ ተቆፍሮ አፈር ይዘገናል፤ በእጅ ሲጨበጥ ተድበልብሎ ከቆየ ዛሬ ውኃ አያስፈልገውም፣ ከተበተነ ጊዜው ደርሷል። ረጅሙ ቦይ ይቆረጣል፣ ያጠረው ይስተካከላል። በመጨረሻ ሁለቱም መሬቶች ምርታቸው ይመዘናል፣ ነዳጃቸው ይሰላል። ገበሬ በዐይኑ ያየውን ያምናል።

ከዚህ ላቅ ያለ መሣሪያም አለ። በአማራ ክልል መራዊ አጠገብ በሚገኘው የቆጋ መስኖ፣ ከሰብሉ ሥር አካባቢ የሚቀበር የእርጥበት ጠቋሚ በገበሬዎች ማሳ ተሞክሯል፤ ውኃው ወደ ሥሩ ሲወርድ ከመሬት በላይ ያለው ምልክት ብቅ ይላል፣ ገበሬውም ቦዩን ይዘጋል። ሞተርም ባትሪም አይፈልግም። ለስልጠናው ይህን ጨምሩ፤ ያለ አሰልጣኝ ግን አትላኩት።

ሦስት ነገር አደራ። በሐረሪ ክልል ገጠር አብዛኛው ገበሬ ኦሮሞ ነው፤ ስልጠናው በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ሴቶቹ ይጠሩ፤ አትክልቱን የሚሸጡት፣ ብዙ ጊዜም የሚኮተኩቱት እነርሱ ናቸውና። ጫትን ደግሞ አታግልሉ። የጫት ሥራ ላይ የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ ነገር ግን በበጋ ከፍተኛ ውኃ የሚጠጣው እርሱ ነው። ጫት ያለበትን ማሳ ዘሎ ውኃ እቆጥባለሁ ማለት ዋናውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ጣሪያ መጠገን ነው።

አሰልጣኝ ከሩቅ አትፈልጉ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችሁ ነው። ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ግብርና ሲያስተምር ኖሯል፤ ሲመሠረትም በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬ ማዳረስን አንድ ላይ ይዞ ነው የተነሳው። የመስኖ ምሁራኑም ተማሪዎቹም የሚሠሩበት ማሳ ያስፈልጋቸዋል። በየቀበሌው የልማት ሠራተኛና የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የመጓጓዣ፣ የዘርና የመለኪያ ዕቃ ወጪ ነው። የእናንተ ገንዘብ ይህን ክፍተት ይሙላ። ሐረር ከተማ ተቀምጦ ፓምፕ የሚጠግን፣ ማጣሪያ የሚያጥብ፣ መለዋወጫ የሚይዝ አንድ ወጣትም አሰልጥኑ። የጠብታ መስኖ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳዎቹ በደለል ተደፍነው የሚያጸዳቸው ሲጠፋ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የሌላ አገር ዜግነት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት መታወቂያውን አውጡ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ለመታየት ከመረጣችሁ፣ ለውጭ ባለሀብት የተቀመጠው የ200,000 ዶላር መነሻ ካፒታል አይመለከታችሁም። የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገዛሁልህ የሚል ዘመድ ቢኖር ብራችሁን ያዙ። ባለ ይዞታው ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ስለሚችል ውሉን በመሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የኔ ምክር ግን ከዚህም ይለያል። መሬት ከመያዝ ይልቅ ከገበሬዎች ጋር የምርት ግዢ ውል ግቡ፤ ስልጠናውን፣ ዘሩንና ገበያውን እናንተ አቅርቡ፣ መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቆይ። በሐረር ዙሪያ መሬት እጅግ ጠባብ ነው፤ ከእጁ የወጣበት ገበሬ መቼም ወዳጃችሁ አይሆንም።

ውኃም ሕግ አለው። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም፤ በማሽን ቆፍሮ በትልቅ ፓምፕ መሳብ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ከላይና ከታች ያለው ተጠቃሚ እንዳይጣላ ገበሬዎቹ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ያቋቁሙ። በአማራ አካባቢ የውኃ አባት እንደሚባለው ተራ የሚያስጠብቅ፣ ሁሉም የሚያምነው ሰው ይምረጡ፤ እናንተ አትምረጡላቸው። ወደ ባቢሌ አቅጣጫ ከሄዳችሁ የዝሆን መጠለያውን ወሰን አስቀድማችሁ በካርታ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለባዮዲዝል የሚሆን የጉሎ እርሻ ወደ መጠለያው ዘልቆ ደን ተመንጥሯል፤ ዝሆኖቹም የሚንቀሳቀሱት በዚያው በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ነው።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትልቀቁ። የመጀመሪያው ክፍያ ለአንድ በጋ ስልጠናና ልኬት ይሁን። ፓምፑ የሚገዛው የሁለቱ ማሳዎች ውጤት ከታየ በኋላ ነው። ከሻጩ ክፍያ ላይ ጥቂቱን እስከ ሁለተኛው በጋ ያዙበት፤ ጥገናው ያኔ ይታያል።

ዘንድሮ ለእረፍት የምትመጡ፣ ወደ ኤረር ስትወርዱ ረጅም ገመድና ድንጋይ ይዛችሁ ውረዱ። ከገበሬው ጋር ሆናችሁ የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት ለኩ፣ በደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉ፣ ደብተሩንም እዚያው ተዉለት። በየሳምንቱ ለክቶ በስልክ ይንገራችሁ። ከሦስት ወር በኋላ ውኃው ምን ያህል እንደወረደ ስታዩ፣ ፓምፑን መግዛት አለመግዛታችሁን ያን ጊዜ ወስኑ።