ሹፌሩና ረዳቱ፦ ተቀምጦ ስለመዋልና ስለ ዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ

“ስፖርት ለጤንነት” የሚለውን መፈክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ አይተነዋል፣ በሬዲዮ ሲነገርም ሰምተነዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ይህን ስንሰማ ወዲያው ትዝ የሚለን ቱታ፣ ሜዳና ጂም ነው። ከዚያም “ቱታ የለኝም፣ ለጂም የምከፍለው የለኝም፣ ጊዜም የለኝም” እንላለን፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ጂም መስበክ አይደለም። ሰውነታችን የሚፈልገው ከቀኑ ተነጥሎ የሚሰራ ስፖርት ብቻ ሳይሆን በቀኑ ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ እንቅስቃሴም እንደሆነ ማሳየት ነው። ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል፤ በተለይ ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አዲስ አበባ ድረስ በየቀኑ እየተመላለስን የምንማረውንና የምንሰራውን።

እስቲ አንድ ቀናችንን እናስላ

ለምሳሌ ያህል ከቡራዩ የሚመላለስ አንድ ተማሪ እንውሰድ። ጠዋት በታክሲ ወይም በአውቶቡስ 1 ሰዓት ይቀመጣል። ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ 4 ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ምሳውን በልቶ ካፌ ውስጥ ሲጫወት 1 ሰዓት ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ወይም ኮምፒውተር ፊት 3 ሰዓት ይቀመጣል። ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ሌላ 1 ሰዓት ታክሲ ውስጥ አለ። ቤት ገብቶ እራት በልቶ፣ ቴሌቪዥን አይቶ፣ ሞባይል ነካክቶ እስኪተኛ ደግሞ 3 ሰዓት። ሲደመር 13 ሰዓት ይሆናል። 8 ሰዓት ከተኛ ቆሞና ተራምዶ የሚያሳልፈው 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው የታክሲ ሰልፍ ነው!

ይህ ግምት ነው። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ቀን ቢያሰላ የተሻለ ነው። ዋናው ነጥብ ግን ማንም “ዛሬ 13 ሰዓት ልቀመጥ” ብሎ አስቦ እንደማይነሳ ነው። ኑሮው ራሱ ያስቀምጠናል።

ከአንድና ከሁለት ትውልድ በፊት እነዚህ ከተሞች ባብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበሩ። ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በእግሩ ነበር። ዛሬ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ አስፋልቱ፣ ፎቁና ባጃጁ በዝቷል። በድሮው ድካም መቅናት ግን ተገቢ አይደለም። ከእንጦጦ ጫካ ከባድ የእንጨት ሸክም በጀርባቸው ይዘው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው “እንቅስቃሴ ሁሉ ጤና ነው” ብሎ ለመናገር አይደፍርም። እኛ የምንፈልገው ሸክሙን መልሶ ማምጣት ሳይሆን ከሸክሙ ጋር አብሮ የጠፋውን እንቅስቃሴ በሌላ መንገድ መተካት ነው።

የለንደን አውቶቡሶች ምን አስተማሩ?

የልብ ሕመምና እንቅስቃሴ ያላቸውን ግንኙነት በሳይንስ መንገድ ቀድመው ካሳዩት መካከል አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው እየጨመረ መጣ፤ ምክንያቱ ግን በውል አልታወቀም ነበር። ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ጥናታቸውን ካካሄዱባቸው ሰዎች መካከል የለንደን ትራንስፖርት ሠራተኞች ይገኙበታል። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆነ 31 ሺህ ያህል ወንዶችን ተከታተሉ።

የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ረዳቱ ደግሞ ትኬት ለመቁረጥ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። ሁለቱ የሚሰሩት በአንድ መኪና ላይ ነው፣ የሚኖሩትም በአንድ ከተማ ነው፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንዳሳየው ግን ረዳቶቹን የልብ ሕመም የሚይዛቸው ከሹፌሮቹ ያነሰ ነበር፤ ሲይዛቸውም በድንገት የመሞት ዕድላቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። በፖስታ ቤትም እየተዘዋወሩ ደብዳቤ የሚያድሉት ተቀምጠው ከሚሰሩት ጸሐፊዎች የተሻለ ጤንነት እንዳላቸው ታየ።

ሞሪስ በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጥናት የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መዝገብ አገላብጠው ሹፌሮቹ ከረዳቶቹ ሰፋ ያለ ወገብ እንዳላቸው አገኙ። ልዩነቱ ገና ወጣት ሠራተኞች ሳሉ ጭምር የሚታይ ስለነበር ሁሉንም ነገር በመቀመጥ ብቻ ማመካኘት እንደማይቻል እርሳቸውም ተረድተዋል። ይህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው፦ ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ላይሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ግን ዋናውን ሐሳብ አጠናክረውታል። ሞሪስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሞቱ የ99 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

እኛም ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ሹፌርና ረዳት እናያለን። ሹፌሩ ከመሪው ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ረዳቱ ይጣራል፣ ይወርዳል፣ ይሮጣል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። የእኛ ረዳት አቧራውና ጎንበስ ብሎ መቆሙ ስላለበት ኑሮው የሚያስቀና አይደለም። ጥያቄው ግን ለራሳችን ነው፦ በቀናችን ውስጥ እኛ ማንን እንመስላለን? ሹፌሩን ወይስ ረዳቱን?

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይከናወናል?

የእግርና የመቀመጫ ጡንቻዎች ከሰውነታችን ትልልቅ ጡንቻዎች መካከል ናቸው። ስንራመድ እነዚህ ጡንቻዎች ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰዱ ያቃጥላሉ። ረጅም ሰዓት ስንቀመጥ ግን ሥራ ይፈታሉ፤ ከምግብ በኋላ ወደ ደም የገባው ስኳርም ቶሎ አይወርድም። የባት ጡንቻም እንደ ፓምፕ ነው፤ ሲኮማተር ደሙን ከእግር ወደ ልብ ይገፋል። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ተጉዞ ሲወርድ ጫማው የጠበበው ሰው ይህን ያውቀዋል።

ለዓመታት እንቅስቃሴ ማጣት ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም፣ ለዓይነት ሁለት የስኳር በሽታና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያጋልጣል። እነዚህ በሽታዎች ቀስ ብለው የሚመጡ በመሆናቸው በ20 ዓመት ዕድሜ አይሰሙም። ልማዱ የሚተከለው ግን አሁን ነው።

ስንት ደቂቃ? ስንት እርምጃ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየተንቀሳቀሱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው። በድርጅቱ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ይህን አላሟሉም።

በመመሪያው ውስጥ ለእኛ ትልቁ ዜና ሌላ ነው። የቀድሞው መመሪያ እንቅስቃሴው ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም ይል ነበር። አዲሱ ይህን አንስቶታል። አሁን 3 ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል። ስለዚህ “ጊዜ የለኝም” የሚለው ምክንያት ጉልበቱ ቀንሷል።

“በቀን 10,000 እርምጃ” የሚባለውስ? ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከገበያ ነው። የእኛው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ ማግስት፣ በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ “ማንፖ ኬይ” የተባለ እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ትርጉሙም “የ10,000 እርምጃ መቁጠሪያ” ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በብዙ ያነሰ እንደሆነ አሳይቷል። ጥቅሙ 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቁሟል። ወጣት በርግጥ ከዚያ በላይ ይችላል፤ ሆኖም 10,000 ስላልሞላ ብቻ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

በሯጮች ሰፈር ተቀምጦ መዋል

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓለም ሯጮች ልምምድ የሚሰሩባት፣ ቀነኒሳ በቀለ መም ያሠራባት ከተማ ናት። እኛ ጠዋት በታክሲ መስኮት ሯጮቹን እያየን እናልፋለን፤ ማታ ደግሞ ሶፋ ላይ ሆነን ሲያሸንፉ እናጨበጭባለን። ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግን አንድ ነገር እንርሳ አይባልም። አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም እንዲሁ ይሮጥ ነበር። ደብተር ይዞ የሮጠበት የግራ ክንዱ አጣጣፍ አዋቂ ሆኖም ሲሮጥ ይታወቅበት ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሯጭ እንኳ የጀመረው ከትምህርት ቤት መንገድ ነው፣ ከጂም አይደለም።

ጥሩ ጅምሮች አሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10 ሺህ ተሳታፊዎች ሲጀመር ሩጫን ከሜዳሊያ አውጥቶ የሕዝብ አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው “መንገድ ለሰው” ደግሞ መኪና ከዋና ዋና መንገዶች እንዲወጣ አድርጎ ሕፃን አዋቂው አስፋልት ላይ እንዲጫወት ዕድል ሰጥቷል። ግን አንድ እሑድ ቀሪዎቹን ቀናት አይተካም።

ከዚህ በላይ አስቸጋሪው አመለካከታችን ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ሆኖም በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲታይ “ሳንቲም አጥቶ ነው” ይባላል። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የምንገላገለው እግራችንን ነው። ሌላው መንገዱ ራሱ ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የእግረኛ መንገድ በሌለበትና መብራት በሌለበት አንዲት ተማሪ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ “በእግርሽ ሂጂ” ብትባል ምክር አይሆንም። ስለዚህ የእግረኛ መንገድ ጉዳይ የጤናም ጉዳይ ነው፤ እኛም ነገ ማይክ ስንይዝ ልንጠይቀው ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በቀን ብርሃንና ደህና በሆነ መንገድ ከታክሲ ቀደም ብሎ መውረድ። ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ በ5 ቀን 150 ደቂቃ ይሆናል። ዝቅተኛው መጠን ያለ ጂም ሞላ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ምሳ በልቶ ወዲያው ካፌ ከመሰየም ግቢውን አንድ ሁለቴ መዞር። ጨዋታውም አይቀርም፤ እየሄዱ መጫወት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ክፍል ውስጥ በየሰዓቱ መነሳት። መምህራንም ቢተባበሩን በሁለት ሰዓት ትምህርት መካከል 3 ደቂቃ ተነስተን እንድንንጠራራ ቢፈቅዱ እንቅልፋችንም ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የኛን ሥራ እየተንቀሳቀሱ መስራት። የቀዳነውን ቃለ መጠይቅ መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ እየተራመዱ መስማት፣ ስልክ ሲደወል ተነስቶ ማውራት ይቻላል።

አምስተኛው በተለይ ለወንዶች ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እህቶቻችን ከትምህርት መልስ ውኃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ቤት ይጠርጋሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ እኛ ተቀምጠን ፍንጃል እንጠብቃለን። መጥረጊያና ሳፋም እንቅስቃሴ ነው። ሥራውን ብንካፈል እኛ ጤና እናገኛለን፣ እነሱ የማጥኛ ጊዜ ያገኛሉ።

ስድስተኛ፣ ቅዳሜና እሑድን መጠቀም። የሰበታ ልጆች ወጨጫ ተራራና የመናገሻ ሱባ ጫካ አጠገባቸው ነው። ዘመናት ያስቆጠረው ጽድ ሥር በእግር መሄድ ከየትኛውም ጂም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የለንደኑ ረዳት ስፖርተኛ አልነበረም። ቱታ አልለበሰም፣ ጂም አልከፈለም። ሥራው ደረጃውን በየቀኑ ያስወጣው ነበር፤ ልቡንም የጠበቀለት ይኸው ነው። የእኛ ኑሮ ግን ደረጃ አዘጋጅቶ አይጠብቀንም፤ ደረጃውን ራሳችን በቀናችን ውስጥ መሥራት አለብን። ከነገ ጠዋት አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ በመውረድ መጀመር ይቻላል።

መልካም የእግር ጉዞ ይሁንላችሁ!