በጓሮ ፍሬ ላይ ስለሚደርሰው ተባይ

በእስቴና በጋይንት ደጋ ኮክ የተከለ ሰው፣ የቀላውን ፍሬ ሲከፍተው ውስጡን ትል በልቶት ማግኘቱ የተለመደ ነው። ብዙዎች ትሉ ከመበስበሱ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ለመብሰል በተቃረበው ፍሬ ልጣጭ ሥር እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ሥጋውን እየበላ ያበሰብሰዋል። ፍሬው ሲወድቅ ትሉ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላም ዝንብ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ከዛፍ ሥር የተተወው ፍሬ ነው ዝንቡን የሚያራባው። በየቀኑ ለቅሞ ግማሽ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ አለዚያም በላስቲክ ጠብቆ አስሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። አፈር ላይ ላዩን ማልበስ አይበቃም። ዝንብን አጥር አያግደውምና ጎረቤታሞች አብረው ካልለቀሙ የአንዱ ድካም ብዙ አይጠቅምም። ፀረ ተባይ መድኃኒት ፍሬው ላይ መርጨትማ ውስጥ የገባውን ትል አያገኘውም፤ የሚያገኘው ፍሬውን ሳያጥቡ የሚበሉትን ልጆች ነው።

ቀንድ አውጣ ቀን ከድንጋይና ከአረም ሥር ተሸሽጎ ሌሊት የችግኝ ቅጠል ይበላል። ሥፍራውን አጽድቶ በምሽት በባትሪ ብርሃን መልቀም ነው። በግንዱ ዙሪያ የሚነሰነስ አመድ የሚረዳው እስከ ደረቀ ድረስ ብቻ ነው።

በቆላው ማንጎ ለሚተክሉ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን ይመጣል፤ በችግኝም ይጓዛል። የቅጠሉን ሁለት ገጽ ሳያገላብጡ ችግኝ አይግዙ።