የጋቢናው ቀበቶ

ወጣት፦ ጋሼ፣ ሶዶ መናኸሪያ ሹፌሩ ቀበቶ ሲያስር ረዳቱ “ፈራህ እንዴ?” ብሎ ሳቀበት።

አዛውንት፦ ሳቁን ተወው ልጄ፣ መቼ እንደሚፈታው እይ። ትራፊኩን እስኪያልፍ ነው! አንዳንዱማ ጭራሽ አይቆልፈውም፤ ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ በእጁ ይዞ ያልፋል። የማስጠንቀቂያው ጩኸት የሰለቸው ደግሞ ባዶ የቀበቶ ምላስ ገዝቶ ይሰካበታል። ቀበቶ እንድናስር ያዘዘው የቀድሞው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ፣ ቁጥር 208፣ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ የምናስረው ለትራፊኩ ነው።

ወጣት፦ ብላቴ ወንዝ ውስጥ ብንገባስ? ቀበቶው አስሮ ያስቀረናል ይላሉ።

አዛውንት፦ ከወንዝ የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነዋ! በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ግንብ ብትመታ፣ ካልታሰርክ 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ፎቅ የወደቅክ ያህል ነው የምትላተመው። ከዚያ ወዲያ በር የሚከፍት ማነው? በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አወጣው፤ ኩባንያውም ለሌሎች ፈቀደው። ፊት ወንበር ላይ ላለ ሰው የሞት አደጋን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ወጣት፦ የአጎቴ ቪትዝ ግን ኤርባግ አለው።

አዛውንት፦ ኤርባግ የቀበቶ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ዓይንህን ሳትጨፍን ተነፍቶ ያልቃል። ሳይታሰር በፍሬን ወደ ፊት የተንሸራተተ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ለዚህ ነው ጋቢና ሕፃን ታቅፎ መቀመጥ የማይገባው። ደግሞ አንዴ ከፈነዳ በአዲስ ይተካል፤ አሮጌ መኪና ስንገዛ ጎማና ቀለም እናያለን እንጂ ይህን ማን ይጠይቃል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሚኒባስ ስነዳ ወደ ሁምቦ ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ትራፊክ አስቆመኝ። ጋቢና ያለው ተሳፋሪ ቀበቶ አላሰረም፤ ቅጣት! ቀበቶውማ አለ። የመኪናው ባለቤት አዲስ የወንበር ሽፋን ሲያሰፋ ቁልፉን ከሥሩ ሰፍተውበታል። “ምላጭ አምጡ” ብዬ ስፌቱን ተርትሬ አወጣሁለት። ቀበቶውን ግን አቧራ በልቶታል፤ ስንስበው ክንድ ያህል መጥቶ ቀጥ አለ። ትራፊኩ ግን መጻፉን አላቆመም። ተሟገትኩ፣ ተሳፋሪው ተሟገተ፣ ረዳቴ ለመነ፤ ወይ ፍንክች! እሺ፣ ይቅጣኝ፤ ደንብ ደንብ ነው።

ወጣት፦ ታዲያ ምኑ ነው ያንገበገበዎ?

አዛውንት፦ ከኋላ እኮ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነበር! ትርፍ የጫንኩት እኔው ነኝ፣ እሱን አልክድም። አንዱም አልታሰረም፤ የሚያስሩትም አልነበራቸው። ሲገጩ ተወርውረው የሚወድቁት እኛው ጀርባ ላይ ነው። ትራፊኩ ግን በመስኮት እንኳ አንገቱን አስግጎ አላያቸውም።