ቡትስ ጫማ ያደረገው ድመት የማን ድምፅ ነው?

 

ሽሬክ ቁጥር ሁለትን ያየ ሰው ኮፍያና ቡትስ ጫማ ያደረገውን ድመት አይረሳውም። ጎራዴ ይዞ ይፎክራል፣ ሲጨንቀው ደግሞ ዓይኑን አፍጥጦ ያሳዝናል። የጎረቤታችን ልጅ በፍላሽ አምጥቶልን ስናይ እኔን የገረመኝ ድምፁ ነው። የድምፁ ባለቤት አንቶኒዮ ባንዴራስ የሚባል የስፔን ተዋናይ ነው።

ባንዴራስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960 ማላጋ በምትባል ከተማ ነው። ማላጋ በደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ላይ ትገኛለች (የኛ ባሕር ዳር አይደለችም፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ነው)። አባቱ ፖሊስ፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። ልጅ እያለ ምኞቱ እግር ኳስ ተጫዋች መሆን ነበር፤ ግን በ14 ዓመቱ እግሩ ተሰበረና ቀረ። ከዚያ ቲያትር ተማረ። 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ብዙ ገንዘብ ሳይይዝ ወደ ዋና ከተማው ማድሪድ ሄደ። እዚያ ፔድሮ አልሞዶቫር ከሚባል ዳይሬክተር ጋር ተዋወቀ፤ በ1982 የመጀመሪያ ፊልሙን ከሱ ጋር ሠራ።

አሁን እኔ በጣም የወደድኩት ጋ ደረስን። አሜሪካ ሄዶ በ1992 የወጣውን «ዘ ማምቦ ኪንግስ» የሚባል ፊልም ሲሠራ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ታዲያ እንዴት ተናገረ? የሚናገረውን ሁሉ በድምፁ ብቻ ሸመደደው! (ሽምደዳ አይጠቅምም የሚሉን መምህራን ይቅርታ ያድርጉልኝ።) በኋላ እንግሊዝኛውን ቢለምድም የስፔን ቅላፄው አልጠፋም። በ1998 ዞሮን ሆኖ ሲሠራም፣ ድመቱን ሆኖ ሲናገርም በዚያው ቅላፄ ነው።

ሌላም አለ። የአንዳሉሲያ ሰዎች ስፓኒሽ ሲናገሩ የቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ይውጡታል፤ በዚህ የተነሳ ሌሎቹ ይቀልዱባቸዋል። ባንዴራስ ግን ድመቱን በስፓኒሽ ሲሠራ ሆን ብሎ በአንዳሉሲያ አነጋገር አናገረው። ጀግናው ድመት እንደ ማላጋ ሰው ያወራል ማለት ነው።

ይህንን የምጽፈው በምክንያት ነው። እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ከጎጃም ገጠር አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። ክፍል ውስጥ ሳነብ «ገጠሬ» እያሉ የሚስቁ ነበሩ፣ አሁንም አልጠፉም። ክበባችን በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ዜና አንብቢ ሲለኝ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ። ጉሮሮዬ ደህና ነበር።

ወደ ባንዴራስ ልመለስ። በ2017 የልብ ሕመም በድንገት ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ ተረፈ። በ2019 ያው የድሮው አልሞዶቫር በሠራው «ፔይን ኤንድ ግሎሪ» በሚባለው ፊልም ላይ የታመመ የፊልም ዳይሬክተር ሆኖ ተጫወተ። በፈረንሳይ ሀገር በካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አገኘበት፤ ለኦስካርም ታጨ፤ ኦስካሩን ግን አልወሰደም። በዚያው ዓመት በተወለደባት በማላጋ ቲያትር ቤት ከፈተ።

የሚቀጥለው ሰኞ ዜና አንባቢ እኔ ነኝ፤ ስሜን ራሴ አስመዝግቤያለሁ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ግን ዜናው ካለቀ በኋላ ይሁን፣ ምክንያቱም የፈተና ፕሮግራም አለበት።