«አሳማ የለበትም» ማለት ሐላል ነው ማለት ይሆን?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! በአገራችን ከተሞች ለሚኖር ሙስሊም ከቤት ውጭ መመገብ ብዙ የሚያስጨንቅ ጉዳይ አይደለም። የምግብ ቤቱ ማንነት በበሩ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ካልተጻፈም «የሙስሊም ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ይህን ጥያቄ የማይረዳ አስተናጋጅ የለም። ለንግድ ወደ ቻይና የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ለትምህርት ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሄደው ተማሪ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ግን ይህን ጥያቄ የሚረዳለት ሰው አያገኝም። በእነዚያ ከተሞች የእስያ ካፌዎችና የጃፓን ምግብ ቤቶች በየመንገዱ አሉ። ምግባቸው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ዓሣ፣ ሩዝና አትክልት ስለሚበዛበትም ብዙ ሙስሊሞች «ከሌላው ይህ ይሻላል» እያሉ ይመርጧቸዋል። ይህ ግምት ምን ያህል ትክክል ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሥራ በሄደበት አንድ የውጭ ከተማ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ወደ አንድ አነስተኛ የጃፓን ምግብ ቤት ገባ። ባልደረቦቹ ሙስሊሞች ባይሆኑም ቤቱን የመረጡት ለእርሱ አስበው ነበር። አስተናጋጇን «ይህ ሾርባ ሥጋ አለበት?» ሲል ጠየቃት። «የለበትም፣ ኑድልና አትክልት ብቻ ነው» አለችው። መረቁ እንደ ወተት ነጭ ነበር። ቢስሚላህ ብሎ ግማሹን ከጨረሰ በኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማብራሪያ አነበበ። መረቁ የአሳማ አጥንት ለብዙ ሰዓታት ተቀቅሎ የሚዘጋጅ መሆኑን ይገልጻል!

ልጅቱ አልዋሸችም። በእርሷ ዘንድ ሥጋ ማለት ተቆርጦ ሳህን ላይ የሚታየው ነው፤ መረቅ ሥጋ አይባልም። ስህተቱ የጠያቂው ነው። ባለማወቅ የበላ ሰው ኃጢአት እንደሌለበት ሃይማኖታችን ያስተምረናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ያላወቀ ሰው ሁለተኛውን ጊዜም ሳያውቅ ቢቀር ምክንያቱ ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚህ ነው።

የጃፓን ማዕድ

ጃፓኖች ዓሣና አትክልት በላተኛ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሥ ቴንሙ በቡድሂዝም ተጽዕኖ በዓመቱ የተወሰኑ ወራት የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አወጡ። ከዚያ በኋላ ሥጋን የመሸሽ ልማድ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ። ይህ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሜጂ አገሪቱን ለምዕራቡ ሥልጣኔ ሲከፍቱ ነው፤ በ1872 ንጉሡ ራሳቸው የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ተነገረ። የቻይና ስደተኞችም ኑድላቸውን ይዘው ገቡ። ዛሬ «ራመን» የሚባለው የኑድል ሾርባ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ «ጃፓን ማለት ዓሣ» የሚለው አባባል የቀድሞውን ማዕድ እንጂ የዛሬውን አይገልጽም።

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ። በጃፓንኛ «ቶን» የሚለው ቃል አሳማ ማለት ነው። «ቶንካትሱ» የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ «ቶንኮትሱ» የአሳማ አጥንት መረቅ ነው። በራመን ላይ የሚደረደረው «ቻሹ» አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። «ግዮዛ» የሚባለው እንደ ሳምቡሳ የተሞላ ምግብም በአብዛኛው በአሳማ ሥጋ ይሞላል።

ከአሳማው የበለጠ የሚሰወረው መጠጡ ነው። «ሚሪን» ለማጣፈጫ የሚውል የሩዝ መጠጥ ሲሆን እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው። «ሳኬ» የሚባለው የሩዝ መጠጥም ወጥ ቤት ውስጥ ይገባል። «ቴሪያኪ» በተባለው ጣፋጭ ሶስ፣ በኑድል ማጥቀሻ፣ በተጠበሰ ዓሣ ላይ በሚቀባው፣ አንዳንዴም ሸርጣን መስሎ በተሠራው የዓሣ ሊጥ ውስጥ ሚሪን ይገኛል። «ሲበስል ይተናል» የሚሉ አሉ፤ ማብሰል ግን አልኮሉን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ቢያጠፋውም እንኳ አስካሪ መጠጥን ሆን ብሎ ምግብ ውስጥ መጨመር ለሙስሊም የተፈቀደ አይደለም።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ 96ኛ አንቀጽ የባሕርን አደንና ምግብ ፈቅዶልናል። ሻፊዒይ፣ ማሊኪይና ሐንበሊይ መዝሀቦች ይህን በሰፊው ሲወስዱት፣ በሐነፊይ መዝሀብ የተፈቀደው ዓሣ ነው፤ ስምንት እግር ያለው ኦክቶፐስና መሰሎቹ አይበሉም። ዓሣው ጥሬ መሆኑ ሐራም አያደርገውም። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ያደግን ሰዎች በዚህ ልንደነቅ አይገባም። የሱሺ ሩዝ የሚታሽበት አቼቶም በመሠረቱ ሐላል ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቼቶን መልካም ማባያ ሲሉ አወድሰውታል። የሚጠየቀው ሚሪን ወይም ሳኬ ተጨምሮበት እንደሆነ ነው።

ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴና ከጨው የሚሠራው ሶያ ሶስ ሲብላላ በተፈጥሮው ጥቂት አልኮል ይፈጠርበታል። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ሶያ ሶስ ግን ለማጣፈጫ እንጂ ለመጠጥ አይሠራም፣ ማንንም አያሰክርም፤ ስለዚህ ከዘመናችን ዑለሞች ብዙዎቹ በተፈጥሮ የተብላላውን ይፈቅዱታል። አልኮል ከውጭ የተጨመረበትን በተመለከተ ግን ይጠነቀቃሉ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሥጋና ዶሮን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። የመጽሐፉ ባለቤቶች እርድ ላይ ዑለሞች ያሏቸው ዝርዝሮች እንደተጠበቁ ሆነው፣ ቡድሂስት ወይም ሃይማኖት የለሽ ያረደውን ከአራቱ መዝሀቦች አንዱም አይፈቅድም። አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ጊዜ የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ ያነሳሉ። ሰዎች ሥጋ ሲያመጡላቸው የአላህ ስም ተጠርቶበት ይሁን አይሁን እንደማያውቁ ለነቢዩ በተነገራቸው ጊዜ፣ እናንተው የአላህን ስም ጥሩና ብሉ ማለታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ ሥጋ አምጪዎች አዲስ የሰለሙ ሙስሊሞች ነበሩ! ሐዲሱ በሙስሊም ላይ ክፉ እንዳንጠረጥር የሚያስተምር እንጂ ከየትም የመጣ ሥጋ በቢስሚላህ ሐላል ይሆናል የሚል አይደለም።

የጠየቀ ሕዝብ

እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት የባሕር አረም መረቅን የሚያጣፍጠውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በማግስቱ ዓመት «አጂኖሞቶ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበና ዓለምን አዳረሰ። በ2001 መጀመሪያ ላይ የኢንዶኔዥያ ዑለሞች ምክር ቤት በአገሩ የሚመረተው አጂኖሞቶ ሐራም ነው አለ። ምክንያቱ ለምርቱ የሚያገለግለውን ባክቴሪያ ለማራባት በሚውለው ንጥረ ነገር ዝግጅት ከአሳማ የተገኘ ኢንዛይም ጥቅም ላይ መዋሉ ነበር። ራሳቸው ዓሊም የነበሩት ፕሬዚዳንት አብዱራሕማን ዋሂድ በመጨረሻው ምርት ውስጥ አሳማ ስለሌለ ሐላል ነው ሲሉ ተለዩ። ክርክሩ ዑለሞች አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ስለመለወጡ በሚሉት ላይ የተመሠረተ ነበር። ኩባንያው ግን ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ፤ ኢንዛይሙንም ለወጠ። ሕዝብ ሲጠይቅ ፋብሪካ አሠራሩን እንደሚለውጥ ከዚህ እንማራለን። በጃፓንም ከ2013 በኋላ የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ሙስሊም ጎብኚዎች ሲበዙ የሐላል ራመን ቤቶች እየተከፈቱ ሄደዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ጥያቄያችን ዝርዝር ይሁን። «ሥጋ አለበት?» ከማለት «መረቁ ከምን ተሠራ? ሚሪን ወይም ሳኬ ገብቶበታል? የሚጠበስበት ዘይት አሳማ ይጠበስበታል?» እንበል።

2ኛ/ ምልክቱን እንለይ። በቻይና የሑይ ሙስሊሞች ምግብ ቤቶች «ቺንግዠን» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይታወቃሉ፤ ትርጉሙ ንጹሕና እውነተኛ ማለት ነው። በ2019 በቤጂንግ የዐረብኛ ጽሑፍ ከምግብ ቤቶች ላይ እንዲነሳ ስለተደረገ፣ ዐረብኛውን ብቻ የሚፈልግ ሰው የወንድሞቹን ቤት አልፎ ሊሄድ ይችላል። «ለሙስሊም ተስማሚ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሐላል» ከሚለው ያነሰ ነው፤ ቤቱ መጠጥ የሚሸጥ ሊሆን ይችላል።

3ኛ/ ምልክቱ የማን እንደሆነ እንመልከት። በማሌዥያና በሲንጋፖር «ኮፒቲያም» የሚባሉ ቡና ቤቶች አሉ፤ ከእኛ ምድር ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ቡና እዚያ «ኮፒ» ይባላል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሻጮች ስለሚኖሩ የአንዱ ሐላል መሆን ለጎረቤቱ አይሠራም።

4ኛ/ መጠጥ በሚዞርበት ገበታ አንቀመጥ፤ ከዚያ መከልከሉ በሐዲስ ተዘግቧል። ባልደረቦቻችን ሲጋብዙን ቦታውን እኛ አስቀድመን ብንመርጥ እነርሱም አይከፉም፣ እኛም አንቸገርም።

5ኛ/ ጥርጣሬ ሲገባን ዓሣ፣ እንቁላል፣ ነጭ ሩዝና ፍራፍሬ አይጠፋም። ሐላልና ሐራም ግልጽ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ የተወ ሰው ሃይማኖቱንና ክብሩን እንደጠበቀ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ጥንቃቄ ማለት ግን የአላህን ፈቃድ ማጥበብ አይደለም። ሱሺ የበላ ወንድሙን ሳይጠይቅ የሚያወግዝ ሰውም ያው ሳያውቅ የሚናገር ነው።

ውድ አንባቢያን! ጉዳዩ የሆድ ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረጅም መንገድ የተጓዘ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ አቧራ የለበሰ መንገደኛን አውስተዋል። እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጌታውን ይለምናል፤ ምግቡና መጠጡ ግን ከሐራም ነው፤ ታዲያ ልመናው እንዴት ይሰማል ሲሉ ጠይቀዋል። የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት ያለው መሆኑን እናውቃለን። ሰው አገር ላይ ከዱዓ የበለጠ ምን ስንቅ አለን? ይህን ስንቅ በአንድ ሳህን ሾርባ እንዳናጣው ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ አይክበደን።

አላህ ሐላሉን ግልጽ አድርጎ ያሳየን፤ በእርሱም ያብቃቃን። አሚን። ወላሁ አዕለም።