ምዕራፍ 7፦ ኪስዎ ውስጥ ያለው የሠራተኛ ገንዘብ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ የሳኔቲን አምባ ያቋርጣል፤ ከዚያም ብርዱን ጥሎ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ይወርዳል። ሪራ ያለችው በዚህ ቁልቁለት ላይ፣ በቀርከሃው መካከል ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳኔቲ ሲንከራተት የዋለ እንግዳ እሳት፣ ትኩስ ምግብና መኝታ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። እዚህ ቦታ ላይ አምስት ክፍል ያላት ማረፊያ የከፈተ ሰው ቢያንስ አንዲት ምግብ አብሳይ፣ አንድ የሌሊት ጥበቃና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ያስፈልጉታል። በዚህ ምዕራፍ ስለ ደመወዝ የምንነጋገረው እንደዚህ ዓይነቱን ባለቤት በዓይነ ኅሊናችን ይዘን ነው። ሮቤ ላይ ጋራዥ ወይም ጎባ ላይ ዳቦ ቤት ያለውም ሰው ሒሳቡ ያው ነው።

ብዙ ባለቤቶች ደመወዝን የሚያስቡት ወሩ ሲያልቅ ነው። እንግዳው ይከፍላል፣ ገንዘቡ ኪስ ይገባል፤ ከዚያው ኪስ ዘይት ይገዛል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል፣ ለቅሶ ይደረስበታል። በወሩ መጨረሻ የተረፈው ለሠራተኛ ይሆናል። ይህ አካሄድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። አብሳይዋ ዛሬ ስትሠራ ከዋለች የዛሬው ድርሻዋ ዛሬ ማታ ዕዳዎ ሆኗል፤ ወሩ እስኪያልቅ የምትጠብቀው አብራችሁ ስለተስማማችሁ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛን የክፍያ ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ያስቀድመዋል። ስለዚህ እንግዳ በከፈለ ቁጥር የሠራተኛው ድርሻ ተለይቶ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ስንት ይለይ? ለስሌት እንዲመቸን የአብሳይዋ ደመወዝ 6,000፣ የጥበቃው 4,500፣ የጽዳቷ 3,500 ብር ነው እንበል። ድምሩ 14,000 ብር ነው። ባለቤቱ ግን በ14,000 ብር አይወጣውም።

መጀመሪያ ግብሩን እንይ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሥራ ገቢ ግብር ሠንጠረዥ ተቀይሯል። እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ግብር የለበትም። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው በ15 በመቶ ተባዝቶ 300 ብር ይቀነስለታል፤ ከ4,001 እስከ 7,000 በ20 በመቶ ተባዝቶ 500 ይቀነሳል፤ ከ7,001 እስከ 10,000 በ25 በመቶ ተባዝቶ 850፤ ከ10,001 እስከ 14,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350፤ ከ14,000 በላይ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነሳል። በዚህ መሠረት አብሳይዋ 700፣ ጥበቃው 400፣ ጽዳቷ 225 ብር ግብር ይከፍላሉ። የድሮውን ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚሠራ ሰው ከአብሳይዋ 935 ብር ይቆርጣል፤ በየወሩ 235 ብር ያለ አግባብ ወሰደባት ማለት ነው። ወረቀቱ አርጅቶ እንደሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ቀጥሎ ጡረታ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ከሦስቱ የሚቆረጠው 980 ብር፣ ከባለቤቱ የሚወጣው ደግሞ 1,540 ብር ነው። እንግዲህ ሦስቱ በእጃቸው 11,695 ብር ይወስዳሉ፣ 1,325 ብር ለገቢዎች፣ 2,520 ብር ለጡረታ ይሄዳል። የባለቤቱ እውነተኛ ወጪ 15,540 ብር ነው። ለአንድ አልጋ ዋጋ ሲያወጡ በሐሳብዎ መያዝ ያለብዎት ይህን ቁጥር ነው።

ከሠራተኛው ላይ ስለሚቆረጠው ገንዘብ ትንሽ ልቆይ። ግብሩና 7 በመቶው ከአብሳይዋ ላይ ተቆርጦ እርስዎ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ የሰው ገንዘብ ነው። እርስዎ አድራሽ ብቻ ነዎት፤ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ማድረስ ይኖርብዎታል። ጡረታውን ቆርጦ ሳያስገባ የቀረ አሠሪ የወሰደው የሠራተኛውን የእርጅና ጉርስ ነው። ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው የአገልግሎት ዘመኑ የሚቆጠረው በተመዘገበውና በገባለት መዋጮ ነው፤ ዛሬ የተዘለለ ወር ያን ጊዜ ጉድለት ሆኖ ይመጣበታል። አብሳይዋ በወጣትነቷ ይህን ላትጠይቅ ትችላለች። ስላልጠየቀች ግን ዕዳው አይሰረዝም።

በአገራችን የተለመደ አንድ አነጋገር ብዙ ሰው ያከስራል፤ «በእጅ ስንት ትሰጠኛለህ?» የሚለው ነው። ሠራተኛው የተጣራውን መጠየቁ ያለ ነው። ባለቤቱ ግን «5,000» ብሎ እጅ ከመምታቱ በፊት ወደ ኋላ ማስላት አለበት። 5,000 ብር በእጅ እንዲገባ ያልተጣራው ደመወዝ 6,164 ብር ከ38 ሳንቲም መሆን አለበት። የአሠሪው 11 በመቶ ሲታከልበት ወጪው 6,842 ብር ይደርሳል። ይህን ሳያሰላ የተስማማ ሰው በሁለተኛው ወር ወይ ግብሩን ይደብቃል ወይ ቃሉን ያጥፋል። ስለዚህ በውል ላይ የሚሰፍረው ያልተጣራው ደመወዝ ይሁን፤ በእጅ የሚገባውን አጠገቡ ጽፈው ያስረዱ። ውሉ በቃል ከሆነም ሕጉ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዝዛል።

አሁን ወደ ጥበቃው እንምጣ፤ በትናንሽ ድርጅቶች ትልቁ በደል የሚደርሰው በእሱ ላይ ነው። በሪራ ብርድ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በር ላይ የሚያድር አንድ ሰው በሳምንት ሰባቱንም ሌሊት ከሠራ 84 ሰዓት ሆነ። ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይገባዋል። ስለዚህ ብቻውን የሚያድር ጥበቃ፣ ምንም ያህል ቢከፈለው፣ ከሕጉ ውጭ ነው። «ሌሊት እኮ ይተኛል» የሚለው ሰበብ አይሆንም፤ ቤቱ ሄዶ ከልጆቹ ጋር መተኛት አይችልማ። መፍትሔው ሁለት ጥበቃ ቀጥሮ ማፈራረቅ ነው። ወጪው ይጨምራል፣ አውቃለሁ፤ የአልጋው ዋጋ ሲወጣ ግን ይህም አብሮ ሊታሰብ ይገባው ነበር።

የትርፍ ሰዓት ስሌት ከባድ አይደለም። የወር ደመወዙን ለ208 ያካፍሉ፤ በሳምንት 48 ሰዓት በወር ሲታሰብ የሚወጣው ይህ ነው። የአብሳይዋ አንድ ሰዓት 28 ብር ከ85 ሳንቲም ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራች በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍቷ ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ባሌ ውስጥ ዒድ ላይ እንግዳ መጥቶ 8 ሰዓት ስትሠራ ከዋለች፣ በበዓል የሚሠራ መደበኛ ሰዓት በ2 ስለሚባዛ፣ ለዚያ ቀን 462 ብር ገደማ ይገባታል። በዓል ላይ መሥራትን በግ አካፍዬ አመሰግናታለሁ ብሎ ማለፍ ደግነት ቢመስልም ክፍያውን አይተካም። በጉንም ይስጧት፣ ክፍያዋንም።

ምግብና መኝታ መስጠት በእንዲህ ዓይነት ሥራ የተለመደ ነው። ከተስማማችሁ ከደመወዙ ከፊሉ በዓይነት ሊከፈል ይችላል፤ ነገር ግን በአካባቢው ገበያ ከሚያወጣው ዋጋ በላይ መተመን የለበትም፣ በገንዘብ ከሚከፈለውም ከ30 በመቶ መብለጥ አይችልም። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጠፋ አንሶላ፣ በወሩ አጋማሽ የተወሰደ ብድርም እንዲሁ ልክ አለው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ወይም ሕግ፣ የሥራ ደንብ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ መቁረጥ ክልክል ነው። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። ለሕክምና 4,000 ብር የተበደረች አብሳይ በአንድ ወር ከ2,000 ብር በላይ አይቆረጥባትም።

ፈረሱን ይዞ መጥቶ እንግዳ ወደ ጫካ የሚያደርስ ሰው፣ ማር በቆርቆሮ የሚያቀርብ ሰው፣ ሠራተኛዎ አይደለም፤ ለአገልግሎቱና ለዕቃው ይከፍሉታል። በየቀኑ በእርስዎ ሰዓት እየመጣ በእርስዎ ትእዛዝ የሚሠራውን ግን «የቀን ሠራተኛ» እያሉ ወራት ማቆየት ራስን ማታለል ነው። ሕጉ የሥራ ውልን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ አድርጎ ነው የሚነሣው፤ ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚል አሠሪ ምክንያቱን ማሳየት አለበት።

የደመወዝ መክፈያ መዝገቡን (ፔሮሉን) ለማዘጋጀት ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ መስመር ያለው ወፍራም ደብተር ይበቃል። ስም፣ የተሠራበት ቀን፣ ያልተጣራ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት ከነስሌቱ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ ሌላ ተቆራጭ ከነምክንያቱ፣ የተጣራ ክፍያ፣ ፊርማ። ማንበብ የማይችል በጣቱ ይፈርም፤ ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩ በሚገባው ቋንቋ፣ በሪራ በኦሮምኛ፣ አንድ በአንድ ይነገረው። ብሩ ለራሱ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው ብቻ ይሰጥ። የጽዳት ሠራተኛዋ አባት መጥተው «የልጄን ደመወዝ ልቀበል» ቢሉ፣ ምንም የተከበሩ ሽማግሌ ቢሆኑ፣ ያለ እሷ ውክልና አይስጧቸው።

በወር ደመወዝ ለተቀጠረ ሰው ጳጉሜን ለብቻ መክፈል አልተለመደም፤ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ግን የሠራባቸው የጳጉሜ ቀናት ሙሉ ክፍያ አላቸው። ይህን ሲቀጥሩ ይናገሩ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚነሣ ክርክር አዲሱን ዓመት ያበላሻል።

ብር ለማውጣት ሳኔቲን አቋርጦ ጎባ መሄድ፣ ከዚያም በጥሬው ይዞ ያንኑ መንገድ መመለስ ቀን ይፈጃል፣ ያሠጋልም። ሠራተኞቹ ከተስማሙ በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር መክፈል ይቻላል፤ የሚመጣው መልእክት ራሱ ማስረጃ ይሆናል። የደብተሩ ፊርማ ግን አይቀርም፤ መልእክቱ ግብርና ጡረታ ስንት እንደተቆረጠ አይናገርምና።

የሚቀረው ክረምቱ ነው። ጭጋጉ ሳኔቲን ሲሸፍንና መንገዱ ሲጨቀይ እንግዳ ይቀንሳል፤ ደመወዝ ግን አይቀንስም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራት ወራት ቀዝቃዛ ናቸው ብለን ብናስብ ለሦስቱ ሠራተኞች 62,160 ብር ያስፈልጋል። በቀሩት ስምንት ወራት በየወሩ 7,770 ብር ከተቀመጠ ይሞላል። በበጋው ከሚገባው ገንዘብ በየወሩ 15,540 የዚያ ወር ደመወዝ፣ 7,770 የክረምቱ፣ በድምሩ 23,310 ብር ወደ ሠራተኞች ሒሳብ ገቢ ይሁን። ሁለተኛው ጥበቃ በዚያው ደመወዝ ሲጨመር ደግሞ በየወሩ 4,995 ብር፣ ለክረምቱም 2,498 ብር ይታከልበታል። ይህን የማይችል ገበያ ከሆነ የክፍሉን ዋጋ ከፍ ማድረግ፣ ወይም በክረምት ማር አጣርቶና የጫካ ቡና ቆልቶ መሸጥን የመሰለ ሌላ ገቢ መፈለግ የሚገባው ገና በጥቅምት፣ እንግዳው መምጣት ሲጀምር ነው።