ወተት ስንት ገባ?
(የገበያ ጨዋታ በሂሳብ ክፍል ውስጥ)

መርካቶ ገብቶ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል። የሚገዛው ይጠይቃል፤ የማይገዛውም ይጠይቃል። «ወተት ስንት ገባ?» «ኧረ ተይኝ እቴ! ያለፈው ሳምንት ዋጋ ዛሬ የለም።» «ስኳሩስ?» «እሱንስ አታንሺው!» ይህ በየሱቁ ደጃፍ፣ በየታክሲው ሰልፍና በየጉልቱ የሚሰማ ጨዋታ ነው። ብዙዎቻችን ወሬ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኛም ለማስተማር ልምምድ እስክንወጣ ድረስ የምናስበው እንዲሁ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ግን ይህ ጨዋታ ለመምህር ምን ያህል የትምህርት መርጃ እንደሚሆን፣ መምህሩ ችላ ሲለው ደግሞ ማንን እንደሚጎዳ፣ ካየነው በመነሣት ለማብራራት እንሞክራለን።

1ኛ. ገበያውና መስፈሪያው

መርካቶ የዛሬውን ቦታና ስም ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ከዚያ በፊት ዋናው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። ወራሪው ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ «የአገሬው ሰው ገበያ» የሚል ትርጉም ያለው የጣልያንኛ ስም ሰጠው። ከዚያ ስም ውስጥ «ገበያ» የሚለው ቃል፣ ማለትም «መርካቶ»፣ ብቻውን ቀረ። ወራሪው ሄደ፤ ገበያው ግን የሕዝብ ሆኖ ሰፋ። ዛሬ እህል የሚፈልግ እህል በረንዳ፣ በርበሬ የሚፈልግ በርበሬ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ምናለሽ ተራ ይሄዳል።

መምህር ልብ ሊለው የሚገባው የመስፈሪያውን ብዛት ነው። የቡና ነጋዴ ፈረሱላ ይላል፤ 17 ኪሎ ያህል ነው። የእህል ነጋዴ ኩንታል ይላል፤ 100 ኪሎ ነው። ከእነዚህ ትልልቅ መስፈሪያዎች ወረድ ስንል ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ፣ ዘይት በስኒ፣ ወተት በላስቲክ ወይም በብርጭቆ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ «ምራቂ ጨምሪልኝ እንጂ!» አለ። እንግዲህ የአካባቢው ልጅ በእነዚህ መስፈሪያዎች መካከል አድጎ ነው ወደ ክፍላችን የሚገባው። እኛ ግን ባዶ እጁን የመጣ ይመስለናል።

2ኛ. ባዶው ደብተር

ለልምምድ የተመደብነው ለመርካቶ ቅርብ በሆነ አንድ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ነበር። በአንድ ዕለት ስለ ክፍልፋይ ስናስተምር ሰሌዳው ላይ እንዲህ ስንል ጻፍን፦ «የ1 ሊትር ወተት ዋጋ 120 ብር ቢሆን፣ የ3/4 ሊትር ዋጋ ስንት ነው?» ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ጥያቄውን ገልብጣ ዝም አለች። ሳምንቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም ነበር። ደብተሯን ስናይ ባዶ ነው። በመከታተያ ቅጻችን ላይ «በሂሳብ ደካማ» ብለን መዘገብን።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ወደ አውቶብስ ተራ ስናልፍ ልጅቷን ከእናቷ ጉልት አገኘናት። አንድ ገዢ ሦስት መደብ ቲማቲምና ሁለት መደብ ሽንኩርት ወስዶ 200 ብር ሰጣት። ቲማቲሙ አንዱ መደብ 25፣ ሽንኩርቱ 30 ብር ነበር። እኛ በልባችን ማባዛት ሳንጨርስ እሷ 65 ብር መልስ ሰጠች። እንዴት እንዳሰበችው ጠየቅናት።

«ሁለቱ ቲማቲም ሃምሳ፣ ሽንኩርቱ ስድሳ፣ መቶ አስር። የቀረችው ሃያ አምስት ስትጨመር መቶ ሠላሳ አምስት። ለመቶ አርባ አምስት፣ ለሁለት መቶ ስድሳ» አለችን።

«ታዲያ የወተቱን ጥያቄ ለምን አልሠራሽውም?»

«ቲቸር፣ እኛ ወተት በሦስት አራተኛ ሊትር አንገዛም። በብርጭቆ ነው የምንገዛው።»

መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን ያ «ደካማ» የሚለው ቃል ትዝ ሲለን አፈርን። በማግስቱ ቅጹን አርመነዋል፤ ነገር ግን ስንቱ ቅጽ ሳይታረም ይቀር ይሆን?

3ኛ. ከብራዚል የተገኘ ማስረጃ

ይህ ነገር የመርካቶ ብቻ አይደለም። ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆችን አጥንተው ውጤቱን በ1985 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ልጆቹ በመንገድና በገበያ ሲሸጡ የሚውሉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ እንደ ገዢ ሆነው ዋጋ ጠየቋቸው፤ በኋላ ተመሳሳዩን ስሌት በትምህርት ቤት መልክ አቀረቡላቸው። በገበያው ላይ 98 ከመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። በቃላት በተጻፈ ጥያቄ 74 ከመቶ፣ በቁጥር ብቻ በቀረበ ስሌት ደግሞ 37 ከመቶ ያህል ሆነ።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ የ12 ዓመቱ ኮኮናት ሻጭ፣ አንዱ 35 የሆነውን ኮኮናት አራት ሲጠየቅ ከሦስቱ 105 ተነሥቶ፣ 30 ጨምሮ 135፣ ከዚያም 140 ብሎ በትክክል ደረሰ። 35 ሲባዛ በ4 በወረቀት ሲሰጠው ግን 200 ብሎ ጻፈ! አምስት በአራት ሃያ ብሎ ሁለቱን ያዘ፤ የያዘውን ከማባዛቱ በፊት ከ3 ጋር ደመረው። ያው ልጅ፣ ያው ስሌት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በቃል ስናሰላ ከትልቁ እንጀምራለን፤ «ሃምሳ» ስንል ሃምሳ ብር ማለታችን መሆኑን አንረሳም። በወረቀት ስንሠራ ግን ከአንድ ቤት እንጀምራለን፤ «ሁለት ይዣለሁ» ስንል የያዝነው ሃያ መሆኑ ይጠፋናል። ልጁ የሳተው ትርጉሙ ስለራቀው ነው። ስለሆነም የመምህሩ ሥራ የልጁን የቃል ስሌት መሻር ሳይሆን፣ ከወረቀቱ ጋር ማገናኘት ነው።

4ኛ. ገበያ የማያስተምረው

ይህን ስንል ግን ገበያው ሁሉን ያስተምራል ማለታችን አይደለም። እዚህ ላይ ነው ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አንድ የሻይ ብርጭቆና አንድ የግማሽ ሊትር ላስቲክ ይዘን ገባን። ብርጭቆውን በውሃ ሞልተን ስንለካው 200 ሚሊ ሊትር ያዘ። ከዚያም ለመለማመጃ እነዚህን ዋጋዎች ሰጠን (የዕለቱን ዋጋ ከገበያ መጠየቅ ይቻላል)፦

ሀ) አንድ ብርጭቆ ወተት 30 ብር
ለ) ግማሽ ሊትር ወተት 60 ብር
ሐ) 25 ግራም የዱቄት ወተት 40 ብር

«የትኛው ይረክሳል?» ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ብርጭቆው!» አለ። ገበያ ላይ የሚታየው ከኪስ የሚወጣው ብር ነውና አይፈረድባቸውም። ሁሉንም ወደ አንድ ሊትር ስንመልሰው ግን ነገሩ ተገለበጠ። አምስት ብርጭቆ አንድ ሊትር ይሆናል፤ 150 ብር። ሁለት ግማሽ 120 ብር። ለአንድ ሊትር 125 ግራም ያህል ዱቄት ያስፈልጋል፤ አምስት ጊዜ 25 ግራም፣ 200 ብር። በሳምንት አምስት ብርጭቆ የሚገዛ ቤት ከላስቲኩ ይልቅ 30 ብር ይጨምራል፤ በ52 ሳምንት 1,560 ብር ይሆናል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺ ልጅ ግን እጇን አወጣች። «ስድሳ ብር አንድ ላይ ከሌለንስ?»

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ትምህርት ቁም ነገር ይህ ጥያቄ ነው። እናቷ በብርጭቆ የምትገዛው ሂሳብ ስለማታውቅ አይደለም፤ ጉልት ውላ ባገኘችው ብር ልክ ስለምትገዛ ነው። ጥቂት ያለው ሰው ጥቂት በጥቂት ይገዛል፤ በጥቂት የሚገዛ ደግሞ ለዚያው ዕቃ የበለጠ ይከፍላል። ቸርቻሪውንም መኮነን አይገባም፤ እሱም የሚደፋበት፣ የሚበላሽበት፣ የሚለፋበት አለና። ልጅን «በብርጭቆ መግዛት ሞኝነት ነው» ብሎ ማስተማር ግን ቤተሰቡን በክፍል ፊት ማዋረድ ነው።

እኛ መልስ ስንፈልግ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ከጎረቤት ጋር ማዋጣት ነዋ!» አለ። ሠራነው። ግማሽ ሊትር ሁለት ብርጭቆ ተኩል ይወጣዋል፤ 60 ለ2.5 ሲካፈል አንዱ ብርጭቆ 24 ብር ይመጣል። ሁለት ቤት ቢያዋጡ እያንዳንዳቸው 30 ብር ከፍለው አንድ ብርጭቆ ከሩብ ይደርሳቸዋል። ልጅቷ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ሁሉም ችግር በዚህ ይፈታል አንልም፤ ክፍልፋይ ግን ለዚያ ክፍል ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርጉም አገኘ።

5ኛ. ዋጋው ለምን ይወጣል፣ ለምን ይወርዳል?

የወተት ጨዋታ ሂሳብ ላይ አይቆምም። በኅብረተሰብ ትምህርት የቀን መቁጠሪያን ማንበብ ይቻላል። ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታ፣ በነቢያት ጾምና በሌሎቹም ወተት አይጠጡም። ላም ግን አትጾምም! ገዢ ሲቀንስ ሳይሸጥ የሚያድረው ወተት ወደ ቅቤና አይብ ይዞራል፤ የገበሬው ገቢም ይነካል። በረመዳን ደግሞ ወተት ለማፍጠሪያ ይፈለጋል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን በዐቢይ ጾም ውስጥ ውሏል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤት በሆኑበት መርካቶ፣ ይህ ለልጆች ሩቅ ምሳሌ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ የመኖ ዋጋ፣ የበጋው ድርቀትና የትራንስፖርት ወጪ አለ። ወደ ከተማው የሚመጣው ወተት ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከሆለታና ከመሳሰሉት ነው። የዱቄት ወተት በብዛት ከውጭ ስለሚገባ የውጭ ምንዛሪም ይነካዋል፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነበር። ታሪኩን ለሚሻ ደግሞ፣ በ1947 እ.ኤ.አ. 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ የወተት ላሞች በተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት አማካይነት ወደ አገራችን መግባታቸው የዘመናዊው ወተት ልማት መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ «ወተቱ ቀጥኗል» የሚለውን ስሞታ እንውሰድ። ከወተት ውስጥ 87 ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ንጹሕ የላም ወተት ከውሃ በጥቂቱ ይከብዳል፤ እፍጋቱ ከ1.028 እስከ 1.033 ገደማ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ወደ 1 ይጠጋል፤ ላክቶሜትር የሚባለው መሣሪያ ይህን ያሳያል። ነገር ግን ቅባቱን ገፍፎ ውሃ የጨመረ ሰው መሣሪያውን ሊያታልል ይችላል፤ ቅባቱ ሲወጣ እፍጋቱ ከፍ ይላልና። ያልተፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍልቶ መጠጣት እንደሚገባም በዚሁ አጋጣሚ ይነገር።

6ኛ. ለእጩ መምህራን የምንሰጠው ማሳሰቢያ

— ልጆች ዋጋና መስፈሪያ ከአካባቢያቸው ጠይቀው ይምጡ፤ «እናንተ ቤት ምን ይበላል?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ወተት የማይገባበት ቤት አለ።
— ልጁ መጀመሪያ በቃሉ ያስላ፤ እንዴት እንዳሰበው ይናገር፤ መምህሩ እሱን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የመጽሐፉ ዘዴ ይቅረብ።
— ብርጭቆው፣ ስኒው፣ ጣሳው በእጅ ይለካ፤ ስሌቱ ከዚያ ይከተል።
— «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በስንቱ?» የሚለው ይለመድ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። ልጁ የማያየውና የማይደርስበት የመጽሐፍ ምሳሌም እንደዚያች ላም ነው።

መልመጃ፦ አንድ ስኒ ዘይት 80 ሚሊ ሊትር ቢይዝና በ24 ብር ቢሸጥ፣ አንድ ሊትሩ ደግሞ 260 ብር ቢሆን፣ በስኒ የሚገዛ ሰው በአንድ ሊትር ስንት ብር ይጨምራል? መልሱን ያገኘ ሠልጣኝ ከነአሠራሩ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ይለጥፍ። በቃሉ የሠራውም እንዴት እንዳሰበው ይጻፍልን፤ እኛም ከእሱ እንማራለን።